ያልተኛ ልጅ ምን ሆኖ ነው? የአእምሮ እድገት ውስንነት ስላለባቸው ልጆችና ወጣቶች እንቅልፍ

(ደብረ ብርሃን ላይ ለወላጆች፣ ለልዩ ፍላጎት መምህራንና ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር በጽሑፍ)

እንደምን ዋላችሁ። እዚህ ከተቀመጣችሁት ወላጆች መካከል ትናንት ሌሊቱን ዓይናችሁን ሳትከድኑ ያደራችሁ እንዳላችሁ ስለምናውቅ ዙሪያ ጥምጥም አንሄድም።

ኦቲዝም፣ ዳውን ሲንድሮም፣ ሴሬብራል ፓልሲ (የአንጎል ጉዳት የሚያመጣው የእንቅስቃሴ ችግር) ወይም ሌላ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ልጅ አልተኛ ሲል ጎረቤትም፣ ዘመድም፣ አንዳንዴ የጤና ባለሙያም የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ «ከችግሩ ነው፣ ምን ይደረጋል» ይባላል። ይህ ቃል ብዙ ልጆች ጎድቷል። «ከችግሩ ነው» ብለን ከተቀመጥን መፈለግ እናቆማለን። ጉሮሮው ታፍኖ የሚነቃ ልጅ አለ። ሌሊት ሌሊት የሚጥለው አለ። ጥርሱ በስብሶ የሚያሰቃየው፣ ትል የሚያሳክከው፣ ሆዱ ደርቆ የሚቆርጠው አለ። ሁሉም መፍትሔ አላቸው። ችግሩ ልጁ «እዚህ ጋ አመመኝ» ብሎ መናገር አለመቻሉ ነው። የቀረው ቋንቋ መንቃት፣ መጮህ፣ ራሱን መምታት ብቻ ነው። እኛ የመጣነው የዚህን ቋንቋ ትርጉም አብረን ለመፈለግ ነው።

መጀመሪያ ልኩን እንወቅ። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ይኖርበታል። ውስንነት ስላለበት ያነሰ ይበቃዋል ማለት አይደለም። እንደ አንጀልማን ሲንድሮም ባሉ ጥቂት የዘር ችግሮች ልጆቹ በተፈጥሯቸው ያነሰ ይተኛሉ፤ እነዚህ ግን እጅግ ጥቂት ናቸው። በሌላ በኩል ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ከ50 እስከ 80 በመቶ የሚሆኑት የእንቅልፍ ችግር እንዳለባቸው ጥናቶች ያሳያሉ። ስለዚህ እንደ እናንተ ሌሊቱን የሚገፋ ቤት ብዙ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ደብተር ያዙ። ለ14 ቀን መቼ እንደተጋደመ፣ መቼ እንደተኛ፣ ስንት ጊዜ እንደነቃና ምን ያህል እንደቆየ፣ ጠዋት መቼ እንደተነሳ፣ ቀን መተኛቱን፣ ማታ የበላውንና የጠጣውን፣ የወሰደውን መድኃኒት፣ ጥሎት እንደሆነም ጻፉ። መጻፍ የማትችል እናት በየቀኑ 24 ሳጥን የተሰመረበት ወረቀት ይበቃታል፤ የተኛበትን ሰዓት ሳጥን በከሰል ታጠቁረዋለች። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ወረቀቱ ራሱ ይናገራል። «ጭራሽ አይተኛም» የተባለው ልጅ 7 ሰዓት እየተኛ ጊዜው ብቻ ተዛብቶበት ሊገኝ ይችላል። «ደህና ይተኛል» የተባለችው ደግሞ በሌሊት 9 ጊዜ ስትባንን ትገኛለች።

አሁን ወደ ገላው እንሂድ። ብዙ ጊዜ የምናጠፋው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ጉሮሮው የታፈነን ልጅ በተረትና በእሹሩሩ ማስተኛት አይቻልም።

ዳውን ሲንድሮም ያለባት አንዲት የ14 ዓመት ልጅ አልጋ አጠገብ በጨለማው ቁጭ ብላችሁ አድምጡ። መጀመሪያ ታንኮራፋለች። ከዚያ ድምፁ ይቆማል። እናት «ተመስገን፣ ጸጥ አለች» ትላለች፤ ደረቷን ግን ብታዩት አየር ሳይገባ ይታገላል። 10፣ 15 ሰከንድ ይሆናል። ከዚያ በድንገት እንደ ሰጠመ ሰው ትንፋሿን ስባ ትገላበጣለች። ይህ በአንድ ሌሊት በአሥሮች የሚቆጠር ጊዜ ሊደጋገም ይችላል። ትራሷ በላብ ይርሳል፣ አፏ ተከፍቶ ያድራል፣ አንገቷን ወደ ኋላ ትቀለብሳለች። አንዳንዶቹ እግራቸውን አጣጥፈው ቁጭ ይሉና ግንባራቸውን ከፊታቸው አልጋው ላይ ደፍተው ይተኛሉ። ቤተሰብ «አመሏ ነው» ይላል። አመል አይደለም፤ እንዲያ ስትሆን የአየር መንገዷ ስለሚከፈትላት ሰውነቷ ራሱ ያገኘው መላ ነው። ዳውን ሲንድሮም ካለባቸው ልጆች ከ30 እስከ 75 በመቶ የሚሆኑት ይህ የትንፋሽ መቋረጥ እንዳለባቸው ይገመታል። ፊታቸው መሀሉ ላይ ጠበብ ያለ፣ ምላሳቸው ለአፋቸው የሰፋ፣ ጡንቻቸው የላላ ስለሆነ መንገዱ በቀላሉ ይደፈናል። ቶንሲልና ከአፍንጫ ጀርባ ያለው እጢ ሲያብጥ ይብሳል። ሲወፍሩም ይብሳል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ዳውን ሲንድሮም ያለበት ልጅ ሁሉ ባያንኮራፋም እንኳ እስከ 4 ዓመቱ በእንቅልፍ መለኪያ መሣሪያ እንዲመረመር ይመክራል።

እንዲህ ያለ ልጅ ቀን ላይ ሁልጊዜ አያንቀላፋም። ይልቁንም ይነጫነጫል፣ ትምህርቱን ይረሳል፣ ይቅበጠበጣል፣ የተወውን አልጋ ማርጠብ ይጀምራል። መምህራን ይህን ልብ በሉልን።

ምን ታደርጋላችሁ? በስልካችሁ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ቪዲዮ ቅረጹ። ደረቱና አንገቱ እንዲታይ ልብሱን ገለጥ አድርጉ፤ የክፍሉን ሌላ ድምፅ አጥፉ። ቪዲዮውን ለሐኪም አሳዩ። ሐኪም ቤት ቀን 4 ሰዓት ላይ ነቅቶ የሚቀርብ ልጅ ሌሊት የሚሆነውን አያሳይም፤ ቪዲዮው ግን ያሳያል። ወደ አንገት በላይ ሐኪም እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ። ዳውን ሲንድሮም ካለው የእንቅርት ሆርሞን ምርመራም ይታዘዝለት፤ ሆርሞኑ ሲያንስ ልጁ ይፈዛል፣ ይወፍራል፣ ማንኮራፋቱም ይጨምራል። አንድ ነገር አደራ እንላችኋለን፤ ስላንኮራፋ ብላችሁ እንጥሉን በባህላዊ መንገድ አታስቆርጡ። እንጥል የችግሩ ሥር አይደለም፤ የሚያተርፈው መድማትና መመርቀዝ ነው።

ሁለተኛው የምንፈልገው የሚጥል በሽታ ነው። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ የሚጥል በሽታም አለባቸው፤ አንዳንዱን የሚጥለው በእንቅልፍ ውስጥ ብቻ ስለሆነ ማንም ሳያይ ዓመታት ያልፋሉ። ጠዋት ምላሱ ተነክሶ፣ ትራሱ ላይ ምራቅና ደም ደርቆ፣ ልብሱ ርሶ፣ ገላው ዝሎ ከተነሳ ጠርጥሩ። በየሌሊቱ በአንድ ዓይነት አኳኋን የሚነቃ፣ ተመሳሳይ ድምፅ የሚያወጣ፣ እጁን በተመሳሳይ መንገድ የሚያወራጭ ልጅም እንዲሁ። እዚህ ላይ አዙሪት አለ። መጣሉ እንቅልፉን ይሰብራል፤ የተሰበረ እንቅልፍ ደግሞ መጣሉን ይጠራል። መድኃኒት የጀመረ ልጅ አንድ ቀን እንኳ እንዳይዘል። ፌኖባርቢታል የሚባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት አንዳንድ ልጆችን በማረጋጋት ፈንታ ያቅበጠብጣቸዋል፤ እንዲህ ሲሆን መድኃኒቱን ላዘዘው ሰው ንገሩ እንጂ ራሳችሁ አታቋርጡ። በድንገት የተቋረጠ ፌኖባርቢታል የማይቆም መጣል ሊያመጣ ይችላል። ወደ ሸንኮራ ዮሐንስም ሆነ ወደ ሌላ ጸበል ስትሄዱ መድኃኒቱን ያዙ፣ በሰዓቱም ስጡት። ጸበልና ኪኒን አይጣሉም። መጣሉ ከ5 ደቂቃ በላይ ከቆየ ግን ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ነው።

ሦስተኛው እግር ነው። ማታ ማታ እግሩን የሚያሻሽ፣ የሚያወራጭ፣ «እሺልኝ» በሚል ዓይነት እግሩን እናቱ ጭን ላይ የሚጭን፣ ቆሞ ሲንጎራደድ ብቻ የሚሻለው ልጅ ብረት አንሶት ሊሆን ይችላል። ደሙ «ልክ ነው» ቢባልም የተከማቸው ብረት ሊጎድል ስለሚችል ፌሪቲን የሚባለው ምርመራ ይጠየቅ፤ እንዲህ ያለ ምልክት ያለበት ልጅ ፌሪቲኑ ከ50 በታች ከሆነ ሐኪም ብረት ሊያዝለት ይችላል። ከራት ጋር ሻይ አትስጡት። የምስሩንና የጤፉን ብረት ሻይና ቡና ይዘው ያስቀሩታል፤ ቢያንስ 1 ሰዓት ይራራቁ።

የሚያሳክከውን ሁሉ ደግሞ አንድ በአንድ አጥሩ። ልጁ ከተኛ 2 ወይም 3 ሰዓት በኋላ ባትሪ ይዛችሁ መቀመጫውን እዩ፤ እንደ ነጭ ክር ያለች ቀጭን ትል እዚያው ስትንቀሳቀስ ልታገኟት ትችላላችሁ። ቀን አትታይም፣ እንቁላሏን የምትጥለው ሌሊት ነው። ከ2 ዓመት በላይ ላለ ልጅ የተለመደው መድኃኒት አልቤንዳዞል 400 ሚሊ ግራም አንድ ጊዜ ሆኖ ከ2 ሳምንት በኋላ ይደገማል። የሚስተው ነገር ለልጁ ብቻ መስጠት ነው፤ አብሮ የሚያድር ሁሉ በአንድ ቀን ካልወሰደ ትሏ ተመልሳ ትመጣለች። የልጁን ጥፍር አሳጥሩ፣ አንሶላና የውስጥ ልብሱን በፈላ ውኃ እጠቡ። እከክም ሕጉ ያው ነው፤ በጣቶች መካከልና በብብት ካያችሁት መላው ቤተሰብ በአንድ ቀን ይታከም፤ መታጠብ የማይችለው ልብስ በላስቲክ ታስሮ ከ3 ቀን ያላነሰ ይቀመጥ። ቁንጫና ትኋን በእኛ አገር የእንቅልፍ ዋና ጠላት ናቸው። ሰውና ከብት በአንድ ጣራ ሥር በሚያድርበት ቤት የልጁን መኝታ ከከብቱ ወገን አርቁት፤ ጀንዲውን፣ ባናውን፣ ዝተቱን በየሳምንቱ ፀሐይ ላይ አስጡ። የመደቡን ስንጥቅ በጭቃ ምረጉ፤ ትኋን የሚያድረው እዚያ ነው።

ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ልጅ ሕመሙ ሌላ ነው። ራሱን ማገላበጥ ስለማይችል አንድ ጎኑ እስኪደነዝዝ ይተኛና ያለቅሳል። በየ2 እና 3 ሰዓቱ ጎኑን ለውጡለት። በጎኑ አስተኝታችሁ ከጉልበቶቹ መካከል የተጠቀለለ ጋቢ አድርጉ፤ እግሮቹ እንደ መቀስ ሲጣበቁ የሚመጣውን ጭምደዳና የዳሌ ሕመም ይቀንሳል። ልብስ ሲቀየርለት እግሩ ሲከፈት የሚጮህ ከሆነ የዳሌው አጥንት ወልቆ ይሆናልና ራጅ ያስፈልገዋል። ራቱን ከመኝታ 2 ሰዓት ቀድሞ ይብላ፤ የበላው ወደ ጉሮሮው እየተመለሰ የሚያቃጥለው ልጅ ሲጋደም ይሳላል፣ ጀርባውን ይለጥጣል። ሰገራው ከደረቀ እንቅልፍ የለም፤ ውኃ፣ አጃ፣ የተፈጨ ተልባ በውኃ ከዚያ ይጀመራል። ጥርሱን በባትሪ እዩለት። ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ካለቻችሁ የወር አበባዋን ቀን በደብተሩ ላይ ምልክት አድርጉ፤ በየወሩ ሁለት ሦስት ሌሊት የምትረበሽበት ምክንያት የሆድ ቁርጠት መሆኑ ያኔ ይገለጣል።

ገላው ከተመረመረ በኋላ ወደ ቀኑ እንምጣ። ከባድ የሆነ ነገር እንናገራለን፤ ታገሱን። ብዙ ልጆች የሰው ዓይን እንዳያያቸው ቀኑን ሙሉ ጓዳ ውስጥ ይውላሉ። በጨለማ የዋለ ልጅ በጨለማ አይተኛም። አንጎላችን ውስጥ ያለው ሰዓት የሚቀናው በብርሃን ነው፤ ጠዋት ዓይን ላይ የሚያርፍ የሰማይ ብርሃን «ቀን ሆነ» ይለዋል፣ ከዚያ ተቆጥሮ ማታ ላይ ሜላቶኒን የሚባለው የእንቅልፍ ሆርሞን ይመነጫል። መነሻው ከሌለ ቆጠራውም የለም። ደብረ ብርሃን ከምድር ወገብ ብዙ ስለማትርቅ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በ12 ሰዓት ዙሪያ ትወጣለች፤ ለልጆቻችን ከዚህ የተሻለ ደወል የለም። በተነሳ በ1 ሰዓት ውስጥ ለ30 ደቂቃ ደጅ ይቀመጥ። ቁርሱንም እዚያው ይብላ። ውርጭ ከሆነ በርኖስ ይደረብለት። በክረምት ጉም ቢሆንም ይውጣ፤ የደመና ቀን ብርሃን እንኳ ከቤት አምፖል በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ጎረቤት ካየው ይየው።

ቀን የሚተኛ ከሆነ ከ9 ሰዓት በፊት ይሁን፣ ከ45 ደቂቃም አይለፍ። ወጣቶቹ ቀን ላይ ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ ይኑራቸው፤ ውኃ መቅዳት፣ ኩበት መሰብሰብ፣ በግ ማገድ ከሰው ጋር። ቡናን በተመለከተ ሁላችንም ጥፋት አለብን። «በረካው ቀጭን ነው፣ ለልጅ አይከፋም» እየተባለ ይሰጣል። ቡና ውስጥ ያለው ማነቃቂያ በደም ውስጥ እኩሌታው ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ 10 ሰዓት ላይ ከጠጣው እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ግማሹ አብሮት ነው። ከቀትር በኋላ ቡናም ሻይም ይቅርበት።

አሁን ማታው። መኝታ ማስለመድ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ የሚወስድ፣ በየቀኑ አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ያለው ሥርዓት ነው። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ቃል ሳይገባው ሥዕል ሊገባው ይችላል። ከካርቶን 5 ካርድ ቁረጡ፤ እግር መታጠብ፣ ሽንት ቤት፣ የሌሊት ልብስ፣ ስልክ በከረጢት፣ መብራት ማጥፋት። ግድግዳ ላይ በተርታ ስቀሉና ያለቀውን ካርድ ልጁ ራሱ አንስቶ ቁና ውስጥ ይጨምር። ሥዕል ለማይገባው ዕቃውን ራሱን አሳዩት፤ የሳሙናው ቁራጭ፣ የሌሊት ልብሱ። ስልክ ከረጢት ውስጥ የሚገባው የሁሉም ሰው ስልክ ነው፤ ታላቅ ወንድሙ አጠገቡ እያበራ እሱን ተኛ ማለት አይሆንም። ይህ ከመኝታ 1 ሰዓት በፊት ቢሆን ይመረጣል።

እግር ማጠብን ለይተን እናንሳው። አያቶቻችን ከመኝታ በፊት እግር የሚያጥቡት ለንጽሕናና ለአክብሮት ነበር፤ ለእንቅልፍም ይሠራል። ሰው እንቅልፍ የሚወስደው የውስጥ ሙቀቱ ዝቅ ሲል ነው። እግር ሲሞቅ የቆዳው ደም ሥሮች ይከፈቱና ሙቀቱ በዚያ በኩል ይወጣል። ለዚህ ነው እግሩ የበረደው ልጅ ሰዓቱን ሙሉ የሚገላበጠው። ሙቀቱን ክርናችሁን ከትታችሁ ለኩ፤ ለብ ባለ ውኃ 10 ደቂቃ፣ ከዚያ በደንብ አድርቃችሁ ካልሲ። በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር፣ እንደ ደብረ ብርሃንና መንዝ ባለ ደጋ፣ ይህ ብቻውን ቶሎ እንዲተኛ ሊረዳው ይችላል። መንካት የማይወድ ልጅ ራሱ ይታጠብ።

ውጭ አገር ለኦቲዝም ልጆች ክብደት ያለው ብርድ ልብስ ይሸጣል። በእንግሊዝ ተካሂዶ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ግን የእንቅልፍ ሰዓት እንደማይጨምር አሳይቷል፤ ልጆቹ ወደውታል፣ ያ ደግሞ አንድ ነገር ነው። የመንዝ ባና በክብደት ከዚያ የሚተናነስ አይደለም። ልጁ ከወደደውና ራሱ ገፍቶ መጣል ከቻለ ይልበሰው፤ ጡንቻው በላላ ወይም መገላበጥ በማይችል ልጅ ላይ ግን አትጫኑ።

ቆላ ለምትኖሩ፣ ሸዋ ሮቢት ላላችሁ፣ ጭንቁ ብርድ ሳይሆን ሙቀትና ትንኝ ነው። አጎበሩን የሚፈራ ልጅ ካለ ቀን ቀን ውስጡ ይጫወት፤ ሳምንት ሲለምደው ሌሊት አይቀደውም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አልጋ ላይ ሰዓታት ፈጦ የሚቆይ ልጅስ? አንድ የ13 ዓመት ልጅ እንውሰድ። እናቱ 2 ሰዓት ላይ ታስተኛዋለች፤ ደብተሩ ላይ ግን በአማካይ የሚተኛው 5 ሰዓት ላይ ነው። ሦስቱን ሰዓት አልጋው የትግል ሜዳ ይሆናል፣ ልጁም አልጋን ከትግል ጋር ያያይዛል። ስለዚህ ወደ ኋላ እንጀምራለን። ከሚተኛበት ሰዓት 30 ደቂቃ አሳልፈን በ5 ሰዓት ተኩል ብቻ እናስተኛዋለን። እስከዚያ ድረስ በደብዛዛ ብርሃን፣ ጸጥ ባለ ሥራ ይቆያል፤ ምስር መልቀም ጥሩ ነው። ጠዋት ግን 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይነሳል፣ ሰንበትም ቢሆን። ደክሞት ስለሚገባ በ15 ደቂቃ ውስጥ ይተኛል። ሁለት ሌሊት እንዲህ ሲሳካ 15 ደቂቃ እናስቀድማለን። ካልተሳካ እዚያው እንቆያለን። ግባችን 3 ሰዓት ላይ እንዲተኛ ነው፤ ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት 150 ደቂቃ ነው፤ 10 እርከን፣ በትንሹ 20 ሌሊት። ጠዋቱ ስላልተነካ በመጨረሻ 9 ሰዓት ተኩል ይተኛል ማለት ነው። ይህ መንገድ የሚበላሸው በአንድ ነገር ነው፤ «ሌሊት ስላልተኛ አሳዘነኝ» ተብሎ ጠዋት ሲተው። የሚጥል በሽታ ላለበት ልጅ ግን እንቅልፍ ማሳጠር አደገኛ ነውና ይህን ያለ ሐኪም አትሞክሩት።

ሌሊት ሲነቃስ? ማንም ሰው በሌሊት ጥቂት ጊዜ ይነቃል፤ ሁሉ ነገር ሲተኛ እንደነበረው ከሆነ መልሶ ይተኛል። ጀርባው እየተመታ የተኛ ልጅ ሌሊትም ያን እጅ ይፈልጋል። ብዙ መጻሕፍት «ለብቻው ክፍል ይተኛ» ይላሉ። በእኛ ቤት ያ አያስፈልግም፤ አብሮ መተኛት ችግር የለውም። የሚያስፈልገው እንቅልፍ ከመውሰዱ በፊት እጃችሁን ማንሳት ነው። መጀመሪያ መምታቱን አሳጥሩ፣ ከዚያ እጃችሁን ብቻ አሳርፉ፣ ከዚያ አጠገቡ ጋደም በሉ። በየሦስት አራት ቀኑ አንድ እርምጃ። ሌሊት ሲነሳ በዝግታ፣ በአንድ ዓይነት አጭር ቃል ብቻ፣ «ሌሊት ነው፣ ተኛ» ብላችሁ መልሱት። መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ምግብ የለም። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ዳቦና ሻይ ያገኘ ልጅ ነገም 8 ሰዓት ላይ ሆዱ ይቀሰቅሰዋል። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሌሊቶች ይብሳሉ፤ ያን ጊዜ ብትሸነፉ ልጁ የሚማረው ረዘም አድርጎ መጮህን ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ ሁሉ ሳይስማማ አትጀምሩ። አያት በአንድ በኩል ዳቦ ከሰጠች ድካማችሁ ከንቱ ነው።

ስለ ማስተኛ ነገሮች አጭር ቃል። የጉንፋን ሽሮፕና ፕሮሜታዚን የሚባለውን የአለርጂ መድኃኒት «ለእንቅልፍ» የሚሰጡ አሉ። አንዳንዱን ልጅ ይባስ ያቅበጠብጡታል፤ የሚያንኮራፋውን ደግሞ ትንፋሹን ያፍኑታል። ዳያዜፓም የሚባለው ማረጋጊያ መድኃኒትም እንዲሁ። አረቄ በማንኪያ የሚሰጥ ቤት እንዳለ እናውቃለን፤ መጀመሪያ ያስተኛል፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይቀሰቅሳል፣ ጉሮሮ ያላላል፣ መጣልንም ይጠራል። እባካችሁ ተዉት። ሜላቶኒን የሚባለው ከላይ ያልናቸው ሁሉ ተሞክረው ካልሠሩ ሐኪም ሊያዝዘው ይችላል። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የነርቭ ሐኪሞች መመሪያ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች ከ1 እስከ 3 ሚሊ ግራም ተጀምሮ፣ ከመኝታ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ እንዲሰጥ ይላል። ደጅ ሳይወጣ ለዋለ ልጅ ግን እሱም ብዙ አያደርግለትም።

ከሰልን ሳንናገር አንሄድም። ብርዱ ሲጠና ማንደጃ ይዞ በር ዘግቶ መተኛት ይገድላል። ከከሰል የሚወጣው ጭስ አልባ መርዝ ሽታ የለውም፤ ሌላው ሰው «ራሴን አመመኝ» ብሎ ይወጣል፣ የእናንተ ልጅ ግን አይናገርም። ቤቱን አሙቃችሁ፣ ከመኝታ በፊት ማንደጃውን ደጅ አውጡት።

ሌላው ማሰር ነው። ልጁ ሌሊት ወጥቶ ጅብ እንዳይበላው፣ ገደል እንዳይገባ ፈርታችሁ የምታስሩ አላችሁ፤ ከክፋት አለመሆኑን እናውቃለን። የታሰረ ልጅ ግን ሲጥለው ይታነቃል፣ ሲያስመልሰው መገልበጥ አይችልም፣ እሳት ቢነሳ መውጫ የለውም፣ ገመዱም ቆዳውን ይበላል። ፍርሃቱም እንቅልፉን ያርቀዋል። በምትኩ የበሩን መቀርቀሪያ ልጁ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ ስቀሉ፤ አዋቂ በጨለማ ዳስሶ የሚከፍተው ይሁን። በሩ ላይ የበግ ቃጭል እሰሩ፤ ሲነካው ትነቃላችሁ። ክብሪት፣ ቢላዋ፣ መድኃኒት ማታ ማታ በሳጥን ተቆልፈው ይደሩ። መኝታውን ከግድግዳው ጥግ አድርጉና ለመውጣት በእናንተ በኩል እንዲያልፍ ሁኑ። ቃጭሉን ቀን ቀን አውርዱት፤ ቀን ከተጫወተበት ሌሊት ድምፁ ለእናንተም ለእሱም ትርጉም ያጣል።

የመጨረሻው የእናንተው እንቅልፍ ነው። ሌሊቱን ለሁለት ክፈሉት፤ አንዱ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት፣ ሌላው ከ7 ሰዓት እስኪነጋ። ተረኛው ከልጁ ጎን ይተኛ፣ ሌላው በቤቱ በሌላኛው ጫፍ። ተረኛ ያልሆነ ሰው ልጁ ቢጮህም አይነሳም፤ ይህ ከሁሉ የሚከብደው ነው፣ ግን ሳይቋረጥ 4 ሰዓት የተኛች እናት ጠዋት ልጇን ደጅ ይዛ ለመውጣት አቅም ይኖራታል። ባል ለሌላት ታላቅ እህት ወይም ጎረቤት በሳምንት ሁለት ሌሊት ይተካት። መምህራንም ጠዋት ልጁ ሲገባ ደብተሩን ጠይቁ፤ ሌሊት አምስት ጊዜ የነቃ ልጅን በዚያ ቀን አዲስ ፊደል አታስጀምሩት፣ ያወቀውን ይድገም።